ከአሥራ ዘጠኝ ኪሎ ወደ አራት ያወረደችን ሴት

ወዳጆቼ፣ ለአምስት ደቂቃ ሹካችሁን አስቀምጡልኝ። ድራጎስቲን፣ አንተንም ይጨምራል፤ ሥጋው የትም አይሄድም።

ዛሬ የምንሸኛት ኔቬና ይህን ወርክሾፕ የረገጠችበትን ቀን ከኔ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ሃያ ሦስት ዓመት ሆነው። ነጭ ጫማ አድርጋ ነበር። በዘይት በጨቀየ ወለል ላይ፣ ነጭ ጫማ! ለቁጥጥር የተላከች መስላኝ፣ «እሜቴ፣ ቢሮው በዚያ በኩል ነው» አልኳት። ዞር ብላም አላየችኝ። የኮክ ፍሬ ሞልቶ የተደረደረ ሣጥን ጋ ሄደችና ጎኑን በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው።

«ይሄን ሆዱ የተነፋ ሣጥን የሠራው ማነው?»

«እኔ ካሊን ነኝ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ደግ። ከነገ ጀምሮ አብረን እናርመዋለን።»

ዋሸችኝ። የጀመርነው ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

አትሳቂ ኔቬና፣ ገና ነኝ። ያቺ አውራ ጣት የማትገፋው ነገር የለም። የእርጎ ዕቃ ትገፋለች፣ በር ትገፋለች፤ ከንቲባው ሊጎበኙን በመጡ ጊዜ የቆሙበትን መድረክ ከሥር ስትሞክር በዓይናችን አይተናል። ሚዛኗስ? ጠረጴዛዋ ላይ ያለችውን የወጥ ቤት ሚዛን የማያውቅ አለ? ብሎኑንም፣ ማጠፊያውንም፣ የኔንም የቁርስ ባኒጻ መዝናበታለች። ልጄ ሲሞና የተወለደች ዕለት እየሮጥኩ መጥቼ፣ «ኔቬና፣ ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ!» ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እንኳን ማርያም ማረቻት። ግን ትንሽ መቀነስ ይቻል ነበር።»

እናንተ ኋላ የመጣችሁ ልጆች ግን ግራም ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግባት አታውቁም። ሣጥናችን ያኔም ታጣፊ ነው ይባል ነበር፤ ኮክ ይዞ ይሄዳል፣ ታጥፎ ይመለሳል። ጎኑ እንዳይለጠጥ የሚይዘው የብረት ክፈፍ ግን አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ነበር፤ አይታጠፍም። ስለዚህ መኪናው ሲመለስ አየር ጭኖ ይመጣል። ክፈፉን ስናወጣው ደግሞ ከሥር ያለው ሣጥን ይፈነዳና ኮኩ ማርመላታ ይሆናል። ክፈፉን የሚያነሱት ጫኞቻችን እነ ጉልተን ነበሩ፤ ለሁለት ተሸክመው፣ ወገባቸውን ይዘው።

ኔቬና አንድ ቀን የሚጠቀለለውን የብረት ሜትሬን ተውሳ አልመለሰችም። በማግሥቱ ሁለተኛውን ወሰደች። ሦስተኛውን ስፈልግ ጠረጴዛዋ ላይ በመቀስ ተቆራርጦ አገኘሁት። ልጮህባት አፌን ስከፍት አንዱን ቁራጭ አቆመችው። «እየው፤ ጎድጎድ ስላለ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስጫነው ይለሰልስና ይታጠፋል። ስለቀው ተመልሶ ቀጥ ይላል። የኛም ማጠናከሪያ እንዲህ ቢሆንስ? ከግድግዳው ጋር የሚነሳ፣ ከግድግዳው ጋር የሚተኛ።»

ሁለት ዓመት ለፋንበት። በመጨረሻ ዋናው ገዢያችን ለሙከራ ከነሰዎቹ መጣ። ካልወደደው ውሉ ይፈርሳል፤ አርባ ሁለታችንም ወደ ቤታችን እንሄዳለን። አራት ሣጥን አሸዋ ሞልተን ደረደርን። አንድ ሰዓት ቆመ። ሁለት ሰዓት ቆመ። ሦስተኛው ላይ ከሥር ያለው ጠጥ አለና ሁሉም እንዳለ ተዘረገፈ።

አሁን የምናገረውን እዚህ ማንም አያውቅም። ማጠናከሪያውን ከግድግዳው ጋር ያያያዝኩት እኔ ነበርኩ። ንድፉ የሚያዘው ረጅም ሪቬት፣ ማያያዣው ምስማር፣ አልቆብኝ ነበር። አጭሩን መታሁት፤ ለማንም አልተናገርኩም። ገዢው፣ «ጥፋቱ የማነው?» ሲል ጎንበስ ብዬ አሸዋውን መዛቅ ጀመርኩ። ኔቬና የተነቀለውን ሪቬት ከአሸዋው ውስጥ አነሳች፤ አየችው፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ ኪሷ ከተተችና፣ «ንድፉ የኔ ነው። ስድስት ሳምንት ስጡኝ» አለች።

ሰዉ ሲበተን ሄጄ፣ «ለምን አላጋለጥሽኝም?» አልኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ካሊን፣ ይሄ ሣጥን በሺህ ሰው እጅ ያልፋል። አንተ ከተሳሳትክበት ሌላውም ይሳሳትበታል። ሊሳሳቱበት የሚቻል ነገር የነደፍኩት እኔ ነኝ። በል፣ ሁለተኛ ግን እንዳትደብቀኝ» አለችኝ።

በስድስቱ ሳምንት ውስጥ ሪቬቱን ጨርሳ አስወጣችው። እንደ ሜትሩ የጎደጎደው የማጠናከሪያው ጥብጣብ ግድግዳው ላይ በተሠራለት ቦይ ገብቶ ቀጭ ይላል፤ በሌላ መንገድ አስገባዋለሁ ብትሉ እንኳ አይገባላችሁም። በሁለተኛው ሙከራ አራቱ ሣጥን ሦስት ቀን ሙሉ ቆሙ። ገዢው ራሱ ጎንበስ ብሎ ጎኑን በአውራ ጣቱ ገፋው! ከዚያ ጉልተንን ጠራናት። ግድግዳውን አጠፈችው፣ ማጠናከሪያውም አብሮ ተኛ። መዘንነው፤ ማጠናከሪያው በሙሉ አራት ኪሎ። ጉልተን ከሣጥኑ አውጥታ በአንድ እጇ አነሳችውና፣ «ሌላው ግማሽ የት አለ?» አለች። ኔቬና ያን ቀን ብቻ ነው ስታለቅስ ያየኋት።

እነሆ ዛሬ የግቢያችን ሰው ዘጠና ደርሷል። ባለፈው ወር ከመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች አንዱ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ከመኪና ወረደ። ቀለሙ ለቋል፣ ጥጉ ተፍቋል። ከፈትኩት፤ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንደዚያን ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

ኔቬና፣ ያን አጭር ሪቬት ሸሸግሽልኝ፤ እኔም ዓመታት ሙሉ ደብቄው ኖርኩ። ዛሬ በሰው ፊት ልበልሽ፦ ጥፋቱ የኔ ነበር። አርባ ሁለት ሰው እንጀራው ላይ የቆየው ባንቺ ነው። አመሰግንሻለሁ።

ነገ ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ቡርጋስ፣ እኅትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ አሉ። ባሕሩ ይስማማሽ። ጉልበትሽን አይንሳሽ፣ ቤትሽ ሰው አይጣ፣ እኛንም መጥተሽ ከመቆጣት አትቦዝኝ።

በሉ፣ ሁላችሁም ተነሡ፤ የራኪያ ብርጭቋችሁን ከፍ አድርጉ። አንቺ ቁጭ በይ፤ ዛሬ የምንቆመው እኛ ነን። ለኔቬና ጤና! ናዝድራቬ!