ከአጥር ውጭ የቆሙት ጎረቤቴ

በጦርነቱ ክረምት፣ ፍልሰታ ላይ ነው። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ሐይቅ ከተማ ከሚገኘው ቤተክርስቲያናችን ከፊት እቆማለሁ፤ ብቻቸውን የሚኖሩት አሣ አጥማጁ ጎረቤቴ ጋሽ ይመር ግን ሁልጊዜ ከአጥር ውጭ ናቸው። አንድ ጠዋት ከቅዳሴ ስወጣ አላስቻለኝም።

«ጋሽ ይመር፣ ምን ኃጢአት ቢሠሩ ነው ጾሙን ሙሉ ደጅ የቀሩት?»

አንገታቸውን ደፉ። «ቤቴ አራስ አለች፤ ከውጫሌ ተፈናቅላ የመጣች። ያዋለድኳትም ገንፎ የማገነፋላትም እኔው ነኝ። ሕጉን ታውቀዋለህ፤ ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሳ እንዴት እገባለሁ?»

«እንዴት እርስዎ ዘንድ መጣች?»

«ምጥ ይዟት አንድ በር ብታንኳኳ፣ ‹ነገ ቆራቢ ነኝ፣ ሌላ ቤት ሞክሪ› አሏት አሉ።»

በሩ የእኔ ነበር። ጫማ የማወልቀው ቤተ መቅደስ ስገባ ነው፤ ያን ጠዋት ግን እሳቸው የቆሙበት ጭቃ ላይ አወለቅሁ።