ወደ ግራ የሄደ እጅ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፤ የተከበራችሁ የዲላ ሽማግሌዎች፤ ከወናጎም ከቡሌም በዚህ ጭቃ በእግራችሁ የደረሳችሁ ወዳጆች፤ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ሙሉእመቤት፤ የሟች ወንድም ግዛቸው።

ቆማችሁ ነው የምትሰሙኝ። አላስረዝምም። ዝናቡም አያስረዝመኝም።

እዚህ ሣጥን ውስጥ ያለው ሠረቀብርሃን ነው። የመኪና አስተማሪው ሠረቀብርሃን። እኔ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያው ሜዳ ላይ ጎረምሶችን መንገድ ያስተምር ነበር። መንዳት አላልኩም። መንገድ። "መንዳትማ ቶሎ ይለመዳል" ይለኝ ነበር። "መንገድ ላይ ከሰው ጋር መኖር ነው የሚያስቸግረው።"

ሜዳው ላይ በአመድ መንገድ ያሰምር ነበር። ጎረምሶቹ የድስት ክዳን ይዘው፣ ራሳቸው መኪና ሆነው ይሄዱበታል። ክዳኑ መሪ ነው። ለሽማግሌ ይቆማሉ። ለነፍሰ ጡር ይቆማሉ። አጥር ላይ ተደግፈን ስንስቅባቸው ታስታውሳላችሁ?

ሰኔ መጣ። መንገዱ ከግራ ወደ ቀኝ ዞረ። እስከዚያ ቀን የሚነዳው በግራ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ በቀኝ። በአዋጅ። ሠረቀብርሃን የድሮውን አመድ ጠርጎ እንደገና አሰመረ። ተማሪዎቹን እንደገና ጠራ፤ መንጃ ፈቃድ ያላቸውንም ጭምር። አንዲት እናት ከገበያ ሲመለሱ አህያቸውን አቁመው፣ "መምህር፣ ይቺንም አስተምርልኝ እንጂ!" አሉት።

"እማማ፣ እሷ ከሾፌር ትሻላለች" አላቸው። "ዱላ ወዳለበት አትሄድም።"

ሳቅን። እሱም ሳቀ። ሴትዮዋ ካለፉ በኋላ ግን አጠገቤ ተቀምጦ እጁን ገልብጦ ያየው ጀመር። "ጭንቅላት አዋጁን ሰምቷል" አለኝ። "እጅ ጆሮ የለውም። ሲደነግጥ የሚገባው የድሮ ቤቱ ነው።"

ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ጀመረ። ተማሪው የማስተማሪያዋን ትንሽ መኪና ሲነዳ ከጎኑ ይቀመጥና ድንገት ቆርቆሮ ይመታል። እጁ ወዴት እንደሚሸሽ ለማየት።

ጴጥሮስን ታውቁታላችሁ። የቡሌው ወጣት። ደንቡን በቃሉ ይወጣዋል። ቆርቆሮው ሲመታ ግን እጁ ወደ ግራ ነው። ሁልጊዜ ወደ ግራ።

"ጋሼ፣ ለፈተና መቼ ነው የሚያቀርቡኝ?"

"እጅህ ሲምልልኝ።"

"እኔ ምዬልዎታለሁ እኮ!"

"አንተማ ምለሃል። እኔ የጠየቅኩት እጅህን ነው።"

ከሰኔ በፊት በግራ መንዳትን ያስተማረው ማን ነበር? ሠረቀብርሃን ራሱ። በደንብ አስተማረው። ሌሊቱን ሲያባንነኝ ያደረው ይኸው ነው። በደንብ ማስተማሩ።

ትናንት በወናጎ መንገድ፣ ኩርባው ላይ፣ የጭነት መኪና ብቅ አለ። ጴጥሮስ ደነገጠ። እጁ ወደ ግራ ሄደ። ትንሿ መኪና መንገዱን አቋርጣ ቀኝ ጎኗን ለጭነት መኪናው ሰጠች። አስተማሪው የሚቀመጠው በቀኝ ጎን ነው።

ምን ብሎ ሞተ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ምንም አላለም። የይቅርታ ቃል ትቶ ቢሆን ኖሮ እሱን ነግሬያችሁ ዝም እል ነበር። አልተወም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምናገረው የራሴን ነው።

ጴጥሮስ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ቆሟል። ዞራችሁ አትዩት፣ እባካችሁ። ከአባቱ ጋር ነው። ግዛቸው፣ ዛሬ ጠዋት "እሱ ከገባ ወንድሜን ሳልቀብር እወጣለሁ" ብለሃል። ሰምቼሃለሁ። ያጠፋ እጅ ቀብር ላይ አይቆምም፤ ወጋችን ነው። ወግ ልሽር አልመጣሁም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ቅድም ሣጥኑን ተሸክመን ስንመጣ ከኋላችን የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። ወዴት ሸሸን?

ወዴት ሸሸን?

ወደ ግራ። ሁላችንም። ሾፌሩ በግራችን ሊያልፈን ወጥቶ ነበር፤ እኛ አስከሬን እንደተሸከምን ፊቱ ገባን። ጎማው ጭቃው ላይ ሲንሸራተት ሰምታችኋል። አዋጁን ያልሰማ ከመካከላችን ማን ነበር? ግዛቸው፣ የሣጥኑን ፊት የያዝከው አንተ ነበርክ። ጎንህ እኔ ነበርኩ። እጃችን ማንን ጠየቀ?

ጥፋት የለም አልልም። ሰው ሞቷል። ሚስት መበለት ሆናለች። ሠረቀብርሃንም ቢሆን ጥፋትን የሚሸፋፍን ሰው አልነበረም። ግን ያ ወጣት ከትናንት ጀምሮ እጆቹን ከብብቱ አላወጣም። ማታ እራቱን ያጎረሱት አባቱ ናቸው። እንደ ሕፃን።

የምለምናችሁ አንድ እፍኝ አፈር ነው። በዚያ እጅ።

…



ወይዘሮ ሙሉእመቤት፣ ምን አሉ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዝናቡ ድምፅዎን ወሰደብኝ።

"ይግባ። እኔን ግን ቀና ብሎ እንዳያየኝ።"

ሰምታችኋል። ከዚህ በላይ አልለምናቸውም፤ እናንተም አትለምኗቸው። ግዛቸው፣ አንተ አልመለስክልኝም። ዝምታህን እሺታ ነው አልልም። ፈቀቅ በል ብቻ። አንድ ሰው የሚያሳልፍ ያህል።

ሠረቀብርሃን፣ ወንድሜ። እኛ እንግዲህ አንተ በሌለህበት መንገድ ልንወጣ ነው። ፈርቻለሁ። ሌላ ምን ልበልህ? አፈሩ ይቅለልህ።

ደህና ሁን። ተማሪህ መጥቷል። እጁን እያወጣ ነው።