በሦስተኛው ቅስት ሥር የነበረው ዓሣ

የተከበሩ አባ ኮንዌይ፤ ውድ ኖሪን፤ ኦርላ ልጄ፤ በዚህ ዝናብ ከላይኛውም ከታችኛውም መንደር የመጣችሁ ጎረቤቶች፤ የኦውንቤግ ወንዝ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር አባላት፤ እንደምን ዋላችሁ። ጃንጥላችሁን አትዝጉ። ማላኪ ዝናብ ይወድ ነበር እንጂ ሰው ሲበሰብስ ማየት አይወድም ነበር።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ፊንታን ጌራቲ ነኝ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ያደልኳችሁ። የማኅበራችንም ጸሐፊ ነኝ፤ ቢያንስ እስከ ዛሬ ድረስ። ይህችን «እስከ ዛሬ» ያልኳትን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ዛሬ የምንቀብረው ማላኪ ቱሂን ነው። ማላኪ ማን ነበር? አናጺ ነበር። ስንቶቻችሁ ዛሬ ጠዋት እሱ የሠራውን በር ዘግታችሁ ወጣችሁ? የኖሪን ባል ነበር፤ አርባ ስድስት ዓመት። የኦርላ አባት ነበር። ግን «ማላኪ የት አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ከመካከላችን «ቤቱ ነው» ብሎ የመለሰ ማን ነው? ወንዙ ጋ ነው እንል ነበር። ሁልጊዜም ወንዙ ጋ ነበር።

መጀመሪያ አብሬው ወንዝ የወረድኩ ቀን ዘንጌን ገጣጥሜ፣ ክሩን አስገብቼ ልወረውር ስል ክንዴን ያዘኝ። ተቀመጥ አለኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ሙሉ ውሃ አየን። ቂጤ ደነዘዘ፤ አባ ይቅር ይበሉኝ። ምን እየጠበቅን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ምን እየበሉ እንደሆነ ሳላይ ምን ላቀርብላቸው ነው?» አለኝ። ከዚያ ከኪሱ ላባና ክር አወጣ። እዚያው ጉልበቱ ላይ፣ ውሃው ላይ የምታንዣብበውን የምትመስል ትንሽ ዝንብ በመንጠቆ ላይ አሰረ። በሦስተኛው ውርወራ ትራውት የሚባለው ዓሣ ብቅ ብሎ ወሰዳት። ማላኪ ዓሣውን ከመንካቱ በፊት እጁን ውሃ ውስጥ ነከረ። ደረቅ እጅ ያቃጥላቸዋል ይል ነበር። ከከንፈሩ መንጠቆዋን ነቅሎ ለቀቀው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጥንቃቄ በሰው ላይ እንኳ ሲደረግ ብዙ አላየሁም።

ያ ዝናብ የጠፋበት በጋስ ትዝ ይላችኋል? ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሆኖ የቀረበት? ማላኪ ሰባ ዓመቱ ነበር። ባልዲውን ይዞ ከበር በር ሄደ። ከእናንተ ውስጥ ያልተጠራ አለ? ሂኒ፣ አንተ መጠጥ ቤትህን ዘግተህ መጣህ። እርስዎም አባ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የአበባ ባልዲ ይዘው መጡ። ከኩሬው ወደ ጥልቁ መታጠፊያ ዓሣ ስንሸከም ዋልን። ኖሪን ዳር ቆማ፣ ሐኪሙ ምን ብሎህ ነበር ብትለው፣ «ሐኪሙ ባልዲ የለውም» ብሏት አለፈ። ዛሬ እዚያ ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው ዓሣ ሁሉ የእነዚያ ልጅና የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

በእኛ ወንዝ የሚጠመደው ከላባና ከክር በተሠራ ዝንብ ብቻ ነው። ትል ክልክል ነው። ትል የተጠቀመ ከማኅበሩ ይሰረዛል። ደንቡን በገዛ እጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዓመቱን ትልቅ ዓሣ የያዘ ደግሞ ዋንጫውን ይወስዳል፤ ስሙም ይቀረጽበታል። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀረጸው ስም የእኔ ነው። ማላኪ በሕይወቱ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። ይህን ታውቃላችሁ። የማታውቁት ሌላው ነው።

ያ ዓመት ባለቤቴ ሙሪየል የሞተችበት ዓመት ነው። በግንቦት ቀበርኳት፤ እነሆ እዚያ፣ ከግንቡ ሥር ናት። የማጥመጃው ወራት የመጨረሻ ቀን ጎርፍ ወረደ። ውሃው ደፈረሰ፤ ዝንብ ቢጥሉበት ዓሣ አያየውም። ማላኪ ማለዳ፣ ጎርፉ ሳይደርስ፣ አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም የሚመዝን ዓሣ ይዟል ተብሎ ወሬው ደርሶኛል። እኔ ድልድዩ ጋ ብቻዬን ቆሜያለሁ። ቤቴ ባዶ ነው። ድንጋይ ገለበጥኩ። ትል አገኘሁ። መንጠቆ ላይ ሰካሁት።

ከከተማ የመጣችሁ እንግዶች ይህ ሊያስቃችሁ ይችላል። የትል ነገር! እዚህ የቆሙትን ሽማግሎች ፊት ግን እዩ። አንዳቸውም አልሳቁም።

የያዝኩትን ዓሣ የሂኒ መጠጥ ቤት ባንኮኒ ላይ አሳረፍኩት። ሚዛን የሚይዘው ማላኪ ነበር። ሁለት ኪሎ ከሃምሳ ግራም። ከዚያ እንደ ልማዱ የዓሣውን አፍ ከፍቶ አየ። ዝንብ የወሰደ ዓሣ ከንፈሩ ላይ ነው የሚያዘው። ትል የበላ ግን መንጠቆውን ጉሮሮው ድረስ ይውጠዋል። ቁስሉ ጉሮሮው ውስጥ ነበር። ማላኪ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። በአንድ ጣቱ የዓሣውን አፍ ቀስ አድርጎ ዘጋውና፣ «ሂኒ፣ ጻፍ፤ ፊንታን፣ ሁለት ኪሎ ከሃምሳ» አለ። ጨበጠኝም።

ሃያ ሁለት ዓመት። ሃያ ሁለት ዓመት ዋንጫው ከምድጃዬ በላይ ተቀመጠ። ሃያ ሁለት ዓመት የወራቱ መክፈቻ ቀን ማላኪ በክብሪት ሳጥን አንዲት ዝንብ ጨምሮ ደጄ ላይ ይጥልልኝ ነበር። አንድም ቀን ቃል አልተነፈሰም። አላየም ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እንዴት አላየም? እሱ ምን ያመልጠው ነበር?

የዛሬ ሦስት ሳምንት አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ኖሪን ሻይ ልታፈላ ወጣች። ማላኪ፣ ያ ዓሣ አልኩት።

«በትል ነው» አለኝ።

በትል ነው አልኩ። ለምን ዝም አልክ አልኩት።

«ያን ዓመት አንድ ነገር ያስፈልግህ ነበር፣ ፊንታን።»

አለቀስኩ። አላፍርበትም። እሱ ግን መሳቅ ጀመረ፤ እስኪያስለው ሳቀ። «እኔን የቆጨኝ ዋንጫው አይምሰልህ» አለኝ። «ያን ዓሣ ሰባት ዓመት ስፈልገው ነበር። የት ጋ ነበር የተደበቀው?» ልነግረው አፌን ስከፍት እጁን አነሳ። «አሁን አትንገረኝ። አሁን ብትነግረኝ ተነስቼ መሄድ ያምረኛል። ስትቀብረኝ ንገረኝ።»

ኖሪን፣ እነሆ ዋንጫው። የእኔን ስም ሐሙስ ዕለት አስፋቅሁት፤ በቦታው የማን እንዳለ አንብቢው። ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይቷል፤ ይቅርታሽን እለምናለሁ። የማኅበሩ ወንድሞቼ፣ ደንቡን ታውቃላችሁ። ሰኞ ስብሰባ ላይ የምትሉትን እቀበላለሁ።

አሁን ከአንተ ጋር ነኝ፣ ማላኪ።

አጥማጅ ቦታውን ለማንም አይናገርም። ለልጁም አይናገርም። እኔ ግን ቃሌን ልጠብቅ። ከድልድዩ ሦስተኛው ቅስት ሥር፣ በግራ በኩል፣ የተሰነጠቀች ድንጋይ አለች። ከኋላዋ ውሃው ወደ ላይ ይዞራል። እዚያ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ በላዩ ላይ ቆመህ ነው የፈለግከው፣ ወንድሜ፤ ከእግርህ ሥር ነበር።

አሁን ይህ ሁሉ ሰው ሰምቷል፤ ነገ ጠዋት ድልድዩ ላይ መቆሚያ አይገኝም። ስለዚህ አንተ ቅደም።

የሣጥኑን ገመድ የምትይዙ ኑ፤ ቅረቡ። እጃችን በዝናብ ርሷል፣ ማላኪ። ደረቅ እጅ አይነካህም። ቀስ አድርገን እንለቅሃለን።