አጭር መስመር የማይወዱ ትልቅ ሰው

ወንበርሽን ወደዚህ ሳብ አድርጊው እህቴ፤ እዚያ የማቀዝቀዣው ነፋስ አናትሽን ይመታሻል። ሒሳብ ክፍል ዛሬ ሥራ ቀለል አለላችሁ መሰለኝ? ጥሩ ነው። እኔማ ከተማሪነቴ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዤ እዞራለሁ፤ ሰው አጭር ነገር ሲያይ ስንፍና የሚመስለው ለምንድን ነው?

ድምፄን ለምን ዝቅ አደርጋለሁ? ከመከለያው ወዲያ ያለ ሰው ቢሰማኝስ? የማወራው ስለማውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው ነው... እዚህ የሉም እንበል።

ትጋታቸውን ብታዪ። ለክሊኒኩ ፕሮግራም «ታካሚ ማለት ስም፣ የልደት ቀንና የካርድ ቁጥር ያለው ነው» ብሎ ለማሽኑ ለማስረዳት ስንት ገጽ የሚፈጅ ይመስልሻል? ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ውስጥ ሬኮርድ የሚባል አለ። ስሙን ጠርተሽ፣ የሚይዘውን በቅንፍ ዘርዝረሽ፣ በአንድ መስመር ትገላገያለሽ። አንዱን ታካሚ ከሌላው ማመሳከሩን ቋንቋው ራሱ ያዘጋጅልሻል፤ ከዘረዘርሽው አንዱንም አይረሳም። እሳቸው ግን የሰነፍ ነገር አይነኩም። እያንዳንዷን በእጃቸው ይጽፏታል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል... እሳቸው መቼ ጊዜ አገኙ? ገና እየጠመጠሙ ናቸው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምተሽ የለ? የእሳቸው ስም ከየፋይሉ አናት ላይ ውሏል። ከሥሩ ያለውን መቃብር ያልኩት እኔ አይደለሁም።

ታዲያ የካርድ ቁጥሩን በኋላ ሲጨምሩ፣ ማመሳከሪያው ውስጥ ማስገባቱን ዘነጉት። ያን ሁሉ የጻፈ ሰው አንዲት ቃል ብትቀርበት ይፈረድበታል? ፕሮግራሙ ስማቸውና የልደት ቀናቸው የገጠመ ሁለት ሴቶችን እንደ አንድ ሰው ቆጠረና የደም ውጤታቸውን አቀያይሮ ሰጠ። ጤነኛዋ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች አሉ። የታመመችው «ደህና ነሽ» ተብላ እየሳቀች ወጥታ፣ በስልክ አሳደው ነው የመለሷት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እሳቸው መች ቸኮሉ? ተረጋግተው፣ ሻያቸውን እየጠጡ ነው ያፈሰሱት። የምለቅመውማ እኔ አለሁ፤ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ሌላ ምን ሠራሁ?

ደግነታቸው ደግሞ። ደረጃው ላይ አግኝተውኝ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አይዞሽ» አሉኝ። ሥራ አስኪያጁ ፊት ሲቀርቡ ግን «ልጅቷ ነካክታው ይሆናል» ሆነ። ሬኮርድ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ የያዘውን አይለውጥም፤ የማይወዱት ለዚህ ይሆን? እኔ እንጃ... ለእኔው አስበው ይሆናል። ዝምተኛ ናት፣ ትችለዋለች ብለው።

ዛሬ ከሰዓት ስብሰባ አለ። «አጥፍቻለሁ» ብዬ አንገቴን እንድደፋ ነው የሚጠበቀው፤ አለዚያ ውሌ ላይታደስ ይችላል። ንግግር እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ሰው ሲያየኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ ብዙ አልናገርም። የእሳቸውን ገጾችና በሬኮርድ የጻፍኩትን የእኔን አንድ መስመር ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ አሳይና፣ የሁለቱን ሴቶች መረጃ በየተራ ሳስገባ የትኛው እንደሚለያቸው ሁሉም በዓይኑ ይይ። ከዚያ በኋላ ውሌ ታደሰም አልታደሰም፣ ከእሳቸው ኋላ እየተከተልኩ መጥረጌን ትቻለሁ። ለሥራ አስኪያጁም ጠዋት ነግሬዋለሁ።

ለእሳቸውማ እንዴት ክፉ እመኛለሁ? ከልቤ ነው የምመርቃቸው... እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ዓይናቸውን አያድክምብኝ። ከጻፉት አንዲት መስመር እንኳ ወደ ሌላ ሰው እጅ አትግባ፤ ሁሉንም ራሳቸው እያነበቡ፣ ራሳቸው እያረሙ ለጡረታ ያብቃልኝ።