የቅዳሜና የእሁድ ጊታር

(ሆሳዕና ከተማ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መሪ እቴነሽ በልምምድ ክፍሉ ውስጥ ከተቆለፈው ቁም ሣጥን ፊት ወንበር ስባ ተቀምጣለች፤ ፊንላንድ ተምሮ በቅርቡ የተመለሰው የእህቷ ልጅ ጴጥሮስ ፊቷ ቆሟል።)

እቴነሽ፦ አልሰጥም ብዬሃለሁ። ከፈለግክ እስኪመሽ ቁም፤ እኔ እንደሆነ ወንበር አለኝ።

ጴጥሮስ፦ ስለ ሙዚቃ ለማወራበት አንድ ፕሮግራም ብቻ እኮ ነው፣ አክስቴ። ነገ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ተጫውቼበት እመልሰዋለሁ።

እቴነሽ፦ ይሄ ጊታር ከተገዛ ጀምሮ ዘፈን ሰምቶ አያውቅም።

ጴጥሮስ፦ ጊታር ጆሮ የለውም።

እቴነሽ፦ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አላቸው። የራስህን ምን በላው?

ጴጥሮስ፦ ነግሬሽ የለ እንዴ። ከአዲስ አበባ ስመጣ አውቶብሱ ጣሪያ ላይ ጫኑት። ከዚያ በጎች መጡና እላዩ ላይ ጫኗቸው። ቡታጅራ ስንደርስ አንገት ተሰብሯል።

እቴነሽ፦ የበጎቹ?

ጴጥሮስ፦ የጊታሩ። በጎቹ ደህና ናቸው።

እቴነሽ፦ በጎቹ የጌታን ሥራ ነው የሠሩት። እንግዲህ በባዶ እጅህ ሄደህ አውራላቸው። አፍ እንደሆነ አላነሰህም።

ጴጥሮስ፦ የመምህራን ክበብ በር ላይ «ጊታር ይኖራል» ብዬ ለጥፌያለሁ። የፊዚክሱ መምህር ቤተሰቡን ይዞ ሊመጣ ነው። አክስቴ፣ ከመጣሁ ወዲህ የጀመርኩት ነገር አንድም ዳር አልደረሰም። ዶሮ እርባታው ቀረ...

እቴነሽ፦ ዶሮዎቹ ለእኔ ደርሰዋል። ተባረክ።

ጴጥሮስ፦ የቋንቋ ማስተማሪያው ቀረ። ይሄም ነገ ከቀረ ሻንጣዬን ይዤ ወደዚያው ነኝ። የምሬን ነው።

እቴነሽ፦ ወደዚያ በረዶ? አገሩ ሰለቸኝ እያልክ ስታለቅስብን አልነበር?

ጴጥሮስ፦ እዚያ ስሆን እዚህ ይናፍቀኛል፣ እዚህ ስሆን እዚያ። አንዱ ቦታ ላይ የሚይዘኝ ነገር አጣሁ።

እቴነሽ፦ ሚስት የምትባል ነገር አለች። እሺ፣ ለመሆኑ ስለማን ነው ያን ሁሉ ሰው ሰብስበህ የምታወራው?

ጴጥሮስ፦ ዕዝራ ፑል ስለሚባል ጥቁር አሜሪካዊ። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ሚሲሲፒ ገጠር የኖረ ጊታር ተጫዋች ነው። ሙዚቃው ብሉዝ ይባላል።

እቴነሽ፦ ዕዝራ? የመጽሐፍ ቅዱሱ ዕዝራ?

ጴጥሮስ፦ ስሙ ከዚያ ነው የመጣው። እናቱ የጸሎት ሰው ነበረች።

እቴነሽ፦ ምስኪን። እሷ ዕዝራ ብላ አወጣች፣ እሱ ጊታር አነሳ።

ጴጥሮስ፦ መጀመሪያ ጊታር የት አግኝቶ። አባቱ የሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያመርት ጭሰኛ ነው። ልጁ የመጥረጊያ ሽቦ ፈቶ፣ የቤቱ ግድግዳ ላይ በሁለት ሚስማር ወጥሮ፣ እሱን ነው የሚመታው።

እቴነሽ፦ መጥረጊያ ደግሞ ምን ሽቦ አለው?

ጴጥሮስ፦ የእነሱ አለው። ጭራሮው የሚታሰረው በሽቦ ነው።

እቴነሽ፦ እና እናትየው ቤቷን በምን ጠረገች?

ጴጥሮስ፦ እሱን ማንም አልጻፈውም።

እቴነሽ፦ እኔ ብሆን ጀርባው ላይ እጽፍለት ነበር። ቀጥል።

ጴጥሮስ፦ ጎረምሳ ሲሆን አንድ አሮጌ ጊታር አገኘ። በዱቄት ጆንያ ከቶ በእግሩ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ይዞራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥጥ ለቃሚዎቹ የሚጨፍሩበት ቤት አለ፤ እዚያ ይጫወታል።

እቴነሽ፦ መጠጥ ያለበት?

ጴጥሮስ፦ መጠጥ ያለበት።

እቴነሽ፦ ዘፋኝ ነዋ። አለቀ፤ ወደ ቤትህ ሂድ።

ጴጥሮስ፦ አላለቀም። እሁድ ጠዋት ደግሞ ያንኑ ጆንያ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ያንኑ ጊታር ያወጣል። እናቱ ከፊት ተቀምጣ አብረው ይዘምራሉ።

እቴነሽ፦ ሳይታጠብ?

ጴጥሮስ፦ ፊቱን ይታጠባል መሰለኝ።

እቴነሽ፦ ስለ ፊቱ አይደለም የጠየቅሁህ። ምዕመኑ ዝም አለው?

ጴጥሮስ፦ የት ዝም ይላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ጨፋሪው» ይሉታል። የጭፈራ ቤቱ ሰዎች ደግሞ «ሰባኪው» እያሉ ይስቁበታል። ሁለቱም ቦታ የሌላኛው ሰው ነው። ለዚህ ነው የምወደው።

እቴነሽ፦ አሃ። ስለራስህ ልታወራ ነው ለካ የጠራሃቸው።

ጴጥሮስ፦ እኔ ማን ነኝና። እሱ ቢያንስ ሥራውን ያውቃል። ይልቅ ስሚኝ፤ አንድ ቀን ሸክላ የሚቀዱ ሰዎች ከሩቅ ከተማ መጡና በባቡር ወሰዱት። የሆቴል ክፍል ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው አስዘፈኑት። ሲጨርስ ጥጡ እየደረሰ ስለሆነ ተመልሶ ወደ እርሻው።

እቴነሽ፦ ሀብታም አልሆነም?

ጴጥሮስ፦ ሸክላ ማጫወቻ እንኳን አልነበረውም። ከረጅም ጊዜ በኋላ በአንድ ሱቅ በር ሲያልፍ የራሱን ሸክላ ከፍተውት ሰማ። ቆም አለና ባለሱቁን «ይሄ ሰውዬ ደህና ይጫወታል፤ የማን ልጅ ነው?» አለው ይባላል።

እቴነሽ፦ ሂድ ወዲያ። ድምፁን ሳያውቀው ቀርቶ?

ጴጥሮስ፦ ከውጭ ሆኖ ሰምቶት አያውቅማ።

እቴነሽ፦ አሳቀኝ እንግዲህ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ። እኔንም እንዲሁ አንዴ በስልክ ቀድተው ቢያሰሙኝ ይህቺ የምትጮኸው ማናት ብያለሁ።

ጴጥሮስ፦ እሺ አትስጪኝ። ቢያንስ ክፈቺውና ልየው። እንዲህ ተቆልፎበት ሲቆይ አንገቱ ይጣመማል።

እቴነሽ፦ ማየት ብቻ።

ጴጥሮስ፦ ማየት ብቻ።

እቴነሽ፦ ይኸው ተከፈተ። ከዚያ አታልፍም።

ጴጥሮስ፦ አክስቴ፣ ይሄ እኮ አቧራ ነው። ክሮቹም ልብስ ማስጫ ገመድ መስለዋል። ጊታር ተጫዋቻችሁ ስምዖን አይነካውም እንዴ?

እቴነሽ፦ ስምዖን ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ጌታ ሥራውን ይባርክለት።

ጴጥሮስ፦ መቼ ነው የሄደው? እሁድ እሁድ ታዲያ በምን ትዘምራላችሁ?

እቴነሽ፦ በእጃችን። እናጨበጭባለን።

ጴጥሮስ፦ ለምን አልነገርሽኝም?

እቴነሽ፦ ምን ብዬ? በመጣህ ሰሞን ና ኳየሩን አግዝ ስልህ «ማመኔን ሳላውቅ መድረክ ላይ ቆሜ ሰው አላታልልም» አልከኝ። እናትህም ሰምታ አለቀሰች።

ጴጥሮስ፦ እውነቴን ነበር። አሁንም አላወቅኩትም።

እቴነሽ፦ የእምነትህን ነገር ጌታ ይጠይቅህ። እኔ የጠየቅሁህ እጅህን ነበር። ለማንኛውም የእሱ ነገር አልፏል። በዚህ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ። አንዱ ሽማግሌ፣ ጋሽ ኤርጫፎ፣ «የሚጫወትበት የለም፣ ዕቃው ሥራ ፈቷል፣ ለታችኛው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ይሰጥ» ብለው አሳምነዋቸዋል።

ጴጥሮስ፦ ይሄንን ጊታር? አንቺ በየቤቱ ዞረሽ ያስገዛሽውን?

እቴነሽ፦ እኔ ያስገዛሁት። ጊታሩ ሲሄድ መዘምራኑ ይቀራሉ ብለህ ነው? ወጣቶቹ ከአሁኑ ታችኛው ሰፈር ኪቦርድ አለ እየተባባሉ ነው። በል፣ አየኸው አይደል፣ ልዝጋው።

ጴጥሮስ፦ ቆይ። አንድ ጊዜ ላሰማሽ። ክሮቹን ላጥብቅና አንድ ብቻ።

እቴነሽ፦ እዚህ ቤት ውስጥ? ዘፈን?

ጴጥሮስ፦ ሰምተሽ ዘፈን መሆኑን አንቺ ፍረጂ። ካልወደድሽው እሄዳለሁ፤ ስለ ጊታሩም ሁለተኛ አላነሳም።

እቴነሽ፦ በሩን ዝጋው መጀመሪያ።

ጴጥሮስ፦ ተዘግቷል። እ... ይህቺ ገባች። ይህቺም። ቁልፉን ስጪኝ።

እቴነሽ፦ የምን ቁልፍ? ሣጥኑ ተከፍቶ የለ እንዴ።

ጴጥሮስ፦ በእሱ ነው የምጫወተው። ዕዝራ በቢላ ጀርባ ነበር፤ የብረት ነገር ክሩ ላይ ሲንሸራተት ድምፁ እንደ ሰው ይሆናል። አሁን ስሚ።

(ጴጥሮስ ቁልፉን ክሩ ላይ እያንሸራተተ ጥቂት ተጫውቶ ያቆማል።)

ጴጥሮስ፦ እንዴት ነው?

እቴነሽ፦ አታቁም። ማን አቁም አለህ?

ጴጥሮስ፦ ይሄ መግቢያው ነው። ከዚህ በኋላ ይዘፍናል።

እቴነሽ፦ ምን እያለ? በአማርኛ በለኝ።

ጴጥሮስ፦ «ወንዙ ሞልቶ መጣ፣ ቤቴን ይዞት ሄደ። ወንዙ ሞልቶ መጣ፣ ቤቴን ይዞት ሄደ። ጌታዬ፣ ምነው ዋና ሳታስተምረኝ ቀረህ?»

እቴነሽ፦ ለምንድነው አንዱን ሁለቴ የሚለው?

ጴጥሮስ፦ ሦስተኛውን እያሰበ ነው።

እቴነሽ፦ የእኛም ሰባኪ እንደዚሁ ነው። እና ጌታን ነው እንዲህ የሚወቅሰው? በዘፈን?

ጴጥሮስ፦ በዘፈን። እሁድ ግን እንዲህ አይልም ነበር፤ የእሁዱ የምስጋና ነው።

እቴነሽ፦ ይበል እንጂ። ዳዊት ምን አለ? አልጋዬን በእንባ አራስኩ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ ይል የለም? ግማሹ መዝሙር ክስ ነው። ልጄ፣ ይሄ ሰው እየጸለየ ነው። አሜኑን ብቻ ነው የዋጠው።

ጴጥሮስ፦ ለጋሽ ኤርጫፎ እንዲህ ብለሽ ብትነግሪያቸውስ?

እቴነሽ፦ ለእሳቸው ዳዊትም ራሱ በገናውን ይዞ ቢመጣ መታወቂያ ይጠይቁታል።

ጴጥሮስ፦ በይ እንግዲህ፣ ዝጊው። ቃሌን እጠብቃለሁ።

እቴነሽ፦ ምኑን እዘጋዋለሁ? ውሰደው።

ጴጥሮስ፦ የምርሽን ነው?

እቴነሽ፦ ጆንያ የለኝም፤ በዚህ ነጠላ ጠቅልለው። በበጎች አጠገብ እንዳታልፍ።

ጴጥሮስ፦ ገባኝ። ቅዳሜን ሰጥተሽኝ እሁድ መጥተህ ተጫወት ልትይኝ ነው።

እቴነሽ፦ እሱን ማን አነሳ? የማታምንበትን ነገር ለጊታር ብለህ እንድትሠራ አልፈልግም። ሰኞ ብትመልሰው ይበቃኛል።

ጴጥሮስ፦ ሰኞ? ሽማግሌዎቹ የሚወስኑት እሁድ አይደል እንዴ? መጥተው ሣጥኑን ባዶ ሲያገኙት?

እቴነሽ፦ የሌለ ጊታር አንስተው ለማንም አይሰጡ።

ጴጥሮስ፦ አክስቴ፣ አንቺ ሰው አይደለሽም። የት ሄደ ሲሉሽስ?

እቴነሽ፦ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። የእህቴ ልጅ መምህራን ክበብ ወስዶ ብሉዝ ሲጫወትበት ነበር፣ እኔም ከፊት ወንበር ተቀምጬ ሰምቻለሁ እላለሁ።

ጴጥሮስ፦ ልትመጪ ነው? አንቺ? ክበቡ ውስጥ እኮ ቢራ ይሸጣል።

እቴነሽ፦ እኔ ሚሪንዳ እጠጣለሁ።

ጴጥሮስ፦ በዚህ ብቻ ኳየሩን ይወስዱብሻል። ከመሪነት ነው የሚያወርዱሽ። ተረድተሻል?

እቴነሽ፦ ይውሰዱ። ጊታር የሌለው ኳየር መርቼ የት ልደርስ ነው? ይልቅ አንተ ነገ ተጫወት፤ ሰዎቹ ካጨበጨቡልህ ምናልባት ሻንጣህን ትፈታ ይሆናል። እዚህ አገር እናትህም አለች፣ እኔም አለሁ። ምን ቆመህ ታየኛለህ? ይመሽብሃል፣ ሂድ ተለማመድ።

ጴጥሮስ፦ አልሄድም።

እቴነሽ፦ ደግሞ ምን ጎደለህ?

ጴጥሮስ፦ ቁጭ በይ እስኪ። እሁድ የምትጀምሩበትን መዝሙር አንዴ ዘምሪልኝ፤ ጊታሩን በድምፅሽ ልቃኘው።