የሙጋሎቹ ብር

ድሬዳዋ፣ መጋላ፣ ከቀትር በኋላ፤ አንጥረኛው አባ ሙሜ ከሰል አያይዘው፣ የአሥራ አምስት ዓመቷ ነጅማ በጡጫዋ የጨበጠችውን የሟች እናቷን የብር ሐብል እንድትለቅ ይጠብቃሉ።

አባ ሙሜ፦ ልቀቂው እንጂ! ከሰሉ አመድ ሊሆን ነው።

ነጅማ፦ ይሁና!

አባ ሙሜ፦ አክስትሽ "ቀልጦ ለልጄ ሰርግ አምባር ይሁን" ብላ አይደል የላከችሽ?

ነጅማ፦ የላከችው እግሬን ነው፤ እሱም መጥቷል።

አባ ሙሜ፦ አቦ ይቺ ልጅ! አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምሽው አስተማሪዎቹ ምላስሽን ፈርተው ነው?

ነጅማ፦ አክስቴ ዕቃ አጣቢ አጥታ ነው። ይልቅ ሐብሉ ላይ ያለችውን ይቺን ብር ይዩዋት። ጠገራ ናት?

አባ ሙሜ፦ ወዲህ በያት... ምን ጠገራ! የህንድ ናት እንጂ፤ የሙጋል ነገሥታት ብር። ጥንት ነጋዴ በባሕር ያመጣት። ጽሕፈቱ የንጉሡ ስም ነው ይላሉ። እንዲህ ያለ ካየሁ ሃያ ዓመት አለፈኝ።

ነጅማ፦ ያኔ ያዩዋቸው ሌሎቹስ የት ገቡ?

አባ ሙሜ፦ የት ይገባሉ? እዚሁ እሳት ውስጥ። እሳት እንደሆነ ማንበብ አይችልም።

ነጅማ፦ እኔም እምብዛም አልችል፤ ግን አላቃጥልም።

አባ ሙሜ፦ የህንድ ንጉሥ ምንሽ ነው ልጄ?

ነጅማ፦ ምኔም አይደል።

አባ ሙሜ፦ እና? "እናት የሞተችበትና ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳል" አሉ። ሐዘኑ ይወጣልሻል።

ነጅማ፦ ገበያ የሄደችበትማ ስትመጣ ዝም ይላል። የኔዋ ስትመለስ ይሄ ሐብል ነበር ቀድሟት ቅጭል ቅጭል የሚለው። አሁን አክስቴ ቤት አሥራ አንድ ነፍስ ነን፤ ሲመሽ "ነጅማስ ገባች?" የሚል የለም። ራሴው ነቅነቅ አደርገዋለሁ፤ የመጣ ሰው እንዲመስለኝ።

አባ ሙሜ፦ ...ስሚ። በእኛ ሥራ ብሩን እሳት ላይ የሚያኖረው ባለቤቱ ነው፣ በገዛ እጁ። ኋላ "አንጥረኛው ለወጠብኝ" እንዳይል። የእናትሽ ከነበረ ባለቤቱ አንቺ ነሽ። ታኖሪያለሽ?

ነጅማ፦ ሞቼ ነው!

አባ ሙሜ፦ እንግዲያው እኔም አልነካ።

ነጅማ፦ አምባር ሳልይዝ ብገባ ግን ታባርረኛለች።

አባ ሙሜ፦ ሱቁን ዘግቼ አብሬሽ እሄዳለሁ። "ልጅቷ እምቢ አለች፣ እኔም አላቀልጥም" እላታለሁ።

ነጅማ፦ አክስቴን አያውቋትም! ሰፈሩ እስኪወጣ ነው የምትጮህብዎት።

አባ ሙሜ፦ ትጩኽብኝ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የጮኸብኝ ሰው የለም።