ከመጨረሻው ሰው ኋላ የሚሄድ

ያን ቀን ከብት የጫነ መኪና የወትሮ መንገዴን ባይዘጋብኝ ኖሮ ነገሩን ሳልሰማው ያልፍ ነበር። ዱቄቴን አስፈጭቼ ስመለስ የቦዳ ቦዳዎቹን፣ ሰው በሞተር የሚያመላልሱትን ልጆች፣ ማቆሚያ ዞሬ በግራሩ በኩል መጣሁ። ጋሽ መሐዲ ከዚያ ግራር ሥር ብስክሌት ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። ሰላም ልላቸው ጠጋ ስል፣ ከፊታቸው ተገልብጦ የቆመውን ሰማያዊ ብስክሌት አወቅኩት። የልጄ የኢክራን ነው። ብረቱ ላይ 41 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን በሽቦ ታስሯል።

«ጋሽ መሐዲ፣ ይህ ቁጥር ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«እሱን ልጅሽን ጠይቂ። እኔ ካቴናውን ይቀቡልኝ ተባልኩ፣ ቀባሁ» አሉና የዘይት ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሳቁብኝ። «ገና ምንም ሳትሰሚ ደግሞ ፊትሽ የለቅሶ ቤት ፊት ሆነ።»

እውነታቸውን ነው። እኔ ስልክ ሲጠራ መጀመሪያ ቁጭ ብዬ፣ ከዚያ የማነሳ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ለንግድ ናይሮቢ ሲሄድ ኢሲዮሎ ሳይደርስ በሐሳቤ ሦስት ጊዜ እገለብጠዋለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በኢትዮጵያው ሞያሌ እንደጨረስኩ ድንበሩን ወደ ኬንያው ሞያሌ የተሻገርኩት ሰው ድስቱን ከእሳት ላይ ሳያወርድ በሚሸሽበት ዘመን ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፉውን ቀድሜ ካሰብኩት አይደርስም የሚል ነገር አድሮብኛል።

ጋሽ መሐዲ የሚያውቁትን ነገሩኝ። በሚመጣው ቅዳሜ ስድሳ የሚሆኑ ሰዎች ከሞያሌ ተነስተው ወደ ጎልቦ ቆላ በብስክሌት ወርደው ይመለሳሉ። ያዘጋጀችው ግሬስ የምትባል የማርሳቢት አስተማሪ ናት። ለመግባት ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሺሊንግ ይከፈላል። ልጄም ከፍላለች።

ኢክራን ወደ ኦቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የምትመላለሰው በብስክሌት ነው። ስትጀምር ሰው ያንሾካሹክ ነበር፤ ዛሬ ግን በዚያ መንገድ ያሉ እናቶች ልጆቻቸው ማርፈዳቸውን የሚያውቁት እሷ ስታልፍ ነው። በራሷ ደመወዝ የከፈለችውን ማንም አይከለክላትም። ነገር ግን በእኛ ቤት ሳይመረቅ መንገድ የሚወጣ የለም። ምርቃቱን ከከለከልኳት እንደማትሄድ አውቃለሁ፤ ስከለክላት ደግሞ እንደምታለቅስ አውቃለሁ። ስለዚህ ጋሽ መሐዲን ለመንኳቸው። እርስዎ ይከልክሉልኝ፣ እርስዎን ትሰማለች፣ ብስክሌት መንዳት ያስተማሯት እርስዎ ነዎት አልኳቸው። ይህ ድፍረት የጎደለው ሥራ መሆኑን ያን ጊዜም አውቄዋለሁ።

«አንቺ ባትለምኚኝም እከለክላት ነበር» አሉኝ። «ለመንዳት መክፈል ምን የሚሉት ነገር ነው?»

ይህን ሲሉ ኢክራን ራሷ ከትምህርት ቤት መጣች፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ያን ቀን የጎረቤት ሞተር ላይ ተፈናጣ ነበር የመጣችው። እኔን ስታይ ቁጥሩን አየች፣ ከዚያ ጋሽ መሐዲን አየች፤ ነገሩ ገባት። ጀሪካን ገልብጣ ተቀመጠች።

«ልጄ» አሏት ጋሽ መሐዲ፣ «መንገዱን መንግሥት ሠራው። እግሩ የራስሽ ነው። ነፋሱ የአላህ ነው። የከፈልሽው ለየትኛው ነው?»

«ለሦስቱም አይደለም አባ።»

«እኔም የምለው እሱን ነው። ለባዶ ነው የከፈልሽው።»

ቦዳ ቦዳዎቹ ሰምተው ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ጋሽ መሐዲ ቀጠሉ። በዚያ ገንዘብ ሁለት ጎማ፣ ከነከመነዳሪው፣ አዲስ ካቴናም ይገኝ እንደነበር ነገሯት። ሽልማቱ ምንድን ነው ብለው ጠየቋት። ካናቴራ ይሰጡናል ስትላቸው እጃቸውን አወናጨፉ።

«ካናቴራውንስ እኔም አልፈለግኩትም» አለች። «እሱን ትተው ዋጋውን ቢቀንሱት ይሻል ነበር። ለግሬስም ይህንኑ ብያታለሁ።»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ስለ ከባድ መኪናዎቹ አነሳሁ። አስፋልቱ ከተሠራ ወዲህ ሹፌሩ ሁሉ ቁልቁለቱን እንዴት እንደሚወርደው፣ ፍሬን የበጠሰ እንደሆነ፣ ግመል የገባ እንደሆነ፣ ፀሐይ የመታት እንደሆነ ዘረዘርኩ። ገንዘብ ሰብስቦ የሚጠፋ ሰው እንዳለም አነሳሁ። ኢክራን እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እማ፣ በየቀኑ ብቻዬን በነፃ ስሄድ ዝም ትያለሽ። አንድ ቀን ከፍዬ፣ ከስድሳ ሰውና ከነርስ ጋር ስሄድ ትፈሪያለሽ።»

«ዝም አልልም» አልኳት። «በር ላይ ቆሜ ነው የምውለው። አንቺ አታይም እንጂ።»

ይህን ስል ዓይኗ ቀላ፤ እኔም በመናገሬ ተጸጸትኩ። ጋሽ መሐዲ ወሬውን ሊለውጡልን መሰለኝ ስለ ድሮው ጀመሩ።

ያን ዘመን እኔም ደርሼበታለሁ። አስፋልት የሚባል አልነበረም። ኢሲዮሎ ለመድረስ በጭነት መኪና ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጃል፤ የደረሰ ሰው ጆሮው ውስጥ ሳይቀር ቀይ አቧራ ይዞ ይደርሳል። በየመንደሩ ስኳርና ሳሙና የሚያደርሱት ጥቁር ከባድ ብስክሌት ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ በቤታችን በር ሲያልፉ ደወላቸው አንድ ላይ ይንጫጫል። እኔ ገና አገሩን ያልለመድኩ ልጅ ነበርኩና በዚያ ደወል ነበር ቀኑ መጀመሩን የማውቀው። አንዱ፣ ጅሎ የሚባል ረጅም ሰው፣ በራችን ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ለብቻው ሁለት ጊዜ ይደውል ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። አንድ ሰሞን ድምፁ ቀረ፤ መንገድ ላይ ሞተ አሉን። ዛሬ ከተማው በሞተር ጩኸት ተሞልቶ እንኳ አንዳንድ ጠዋት ያንን ሁለት ደወል የምጠብቅ ይመስለኛል።

«አሥራ ሁለት ሆነን እንወጣ ነበር» አሉ ጋሽ መሐዲ። «እያንዳንዳችን ግማሽ ኩንታል ስኳር ጭነን። ቁጥር የለ፣ ካናቴራ የለ፣ ነርስ የለ። ማን ከፈለ? ማንም።»

ኢክራን አልተከራከረቻቸውም። ከመክፈሏ በፊት ያደረገችውን ነገረችን። ለግሬስ ደውላ ውሃው በየት በየት እንደሚቀመጥ ጠይቃለች። የትራፊክ ፖሊስ ከባድ መኪናዎቹን የሚያቆመው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቃለች። የነርሷን ስም ስትጠይቅ ግሬስ ገና አላገኘሁም ብላት ነበርና፣ ነርስ ተገኝታ ስሟ እስኪነገራት አንድ ሳምንት ሙሉ ሳትከፍል ቆይታለች። እኔ ልጄ እንዲህ የምትጠነቀቅ መሆኗን አላውቅም ነበር። እኔን መምሰሏ ገረመኝ፤ እኔ ግን ክፉውን አስቤ እቀመጣለሁ፣ እሷ ክፉውን አስባ ትደውላለች።

«ደግሞ ከሁሉም ኋላ የሚሄድ መኪና አለ» አለች።

ካቴናውን የያዘው የጋሽ መሐዲ እጅ ቆመ። «ከሁሉም ኋላ?»

«ከመጨረሻው ሰው ኋላ። መጠገኛና ውሃ ይዟል። የመጨረሻው ሰው ካልገባ እሱም አይገባም። ስንነሳ ቁጥራችንን ይጽፋሉ፣ ስንመለስ ይጽፋሉ። አንድ ቁጥር ከጎደለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።»

ሽማግሌው ጨርቁን ከትከሻቸው አውርደው እጃቸውን ይጠርጉ ጀመር። የሚጠረግ ዘይት እስኪያልቅ ጠረጉ።

«ጅራት ነበረን እኮ» አሉ።

ከዚያ የነገሩንን ሠላሳ ዓመት በአንድ ከተማ ስንኖር ሰምቼው አላውቅም። ዓምበሮ የሚባል ሰው ነበር። ጭነት አይጭንም፤ ጎማ መንፊያ፣ ማጣበቂያ፣ ትርፍ ካቴናና አንድ ጀሪካን ውሃ ብቻ ይዞ ከሁሉም ኋላ ይሄዳል። ጅራት ይሉታል፤ ይቀልዱበታልም። የመጨረሻው ሰው ቆሞ ከሆነ ይቆማል፣ ከወደቀ ያነሳዋል። አንድ ዓመት ድርቅ ሆነና ንግዱ ቀዘቀዘ። ለባዶ ብስክሌት ምን ያስከፍለናል ተባባሉና ዓምበሮን ተዉት። መጀመሪያ እንዲህ ያለው ደግሞ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ራሳቸው ጋሽ መሐዲ ነበሩ።

«በሁለተኛው ጉዞ የጅሎ ካቴና ተበጠሰ። እኛ ቀድመን ሄደናል። ኦቦ ስንደርስ ጎደለ፤ ሞያሌ ተመልሷል አልን። ሞያሌ ያሉት ደግሞ ኦቦ አድሯል አሉ። እዚህም እዚያም አለ ብለን እዚህም እዚያም የለም። በሦስተኛው ቀን ነው እረኞች ያገኙት። ጭነቱን ትቶ ቢሄድ ይተርፍ ነበር። የሰው ስኳር ነው ብሎ አጠገቡ ተቀምጦ ጠበቀ።»

ከቦዳ ቦዳዎቹ አንዱ ሞተሩን ሊያስነሳ ነበር፤ ተወው።

ኢክራን ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው፦ «ዓምበሮን ስንት ትከፍሉት ነበር አባ?»

«ከየሰዉ ሁለት ሺሊንግ። ከየጭነቱም አንድ ስኒ ስኳር።» ይህን ብለው የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት። «ከፍለን ነበር ማለት ነው» አሉ። «መክፈል ያቆምን ዕለት ነው ሰው የጎደለብን።»

የዘንድሮው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብዙ ነው ወይ ብላ ኢክራን ራሷ አነሳችው፤ ብዙ ነው አሉ፣ ካናቴራው ይቅር፣ ጅራቱ ግን አይቅር። ብስክሌቱን አቁመው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው፣ ወጥተሽ ግቢ፣ የኋላሽ ሰው አይጥፋሽ ብለው መረቋት። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። መኪናው ቢበላሽስ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አንድ ሰው ብቻውን እየጠበቀ የሞተበትን ታሪክ ሰምቼ፣ ልጄን ጠባቂ ካለበት ጉዞ ከልክዬ ጠባቂ በሌለበት መንገድ በየቀኑ ልልካት አልቻልኩም። አሚን አልኩ፤ እኔም መረቅኋት።

ቅዳሜ ከጋሽ መሐዲ ጋር መድረሻው ላይ ቆምን። ረፋዱ ላይ ስልኬ ጠራ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። መቀመጫ ፈለግኩ፤ ከአስፋልቱ በቀር የለም። ቆሜ አነሳሁት። አንዲት ሴት በስዋሂሊ፣ ቁጥር አርባ አንድ ጎልቦ ደርሳ ውሃ ጠጥታ መመለስ ጀምራለች፣ ማማ አትጨነቂ አለችኝ። ኢክራን ለደዋይዋ ስለ እኔ ነግራት ኖሯል። በሕይወቴ ቆሜ ካነሳኋቸው ስልኮች የመጀመሪያው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ያሉ እናቶች እንዲያነቡት ነው። ልጆቻችን በተሰናዳ የብስክሌት ጉዞ ገንዘብ ሲከፍሉ ለጨዋታ አባከኑት ብለን አንቸኩል። ገንዘቡ የሚገዛው መንገድ ሳይሆን የሚጠብቅ ሰው ነው። መኪና የሚያቆም ፖሊስ፣ የወደቀን የምታነሳ ነርስ፣ ማን እንደወጣና ማን እንደገባ የሚያውቅ መዝገብ በነፃ አይመጡም። ሰውም ብቻውን የማይደፍረውን መንገድ ከሌላው ጋር ይደፍራል፤ ያን ቀን ከጎረቤት ከተማ የመጡ የማይተዋወቁ ሰዎች አንዱ የሌላውን ጎማ ሲነፋ አይቻለሁ። ግን ዝም ብለን አንክፈል። ውሃው የት ነው፣ ነርሷ ማናት፣ ከመጨረሻው ሰው ኋላ የሚሄደው ማን ነው ብለን እንጠይቅ። መልስ የሌለው አዘጋጅ ካለ ገንዘባችን ኪሳችን ይቆይ። መልስ ካለው ደግሞ ፍርሃታችን ልጆቻችንን ብቻቸውን ከመስደድ በቀር ምንም እንደማይጠቅም እንወቅ።

ኢክራን ከመሀል ሆና ገባች፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። አቅፌያት ወደ ቤት እንሂድ ስል ጋሽ መሐዲ አልነቃነቅም አሉ። ጅራቱ አልገባም አሉኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ሰውም አልሄደም፤ ግሬስ መዝገቧን ይዛ መንገዱን ታያለች። በመጨረሻ ፍራንሲስ የሚባል ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ እያለከለከ በቁልቁለቱ በኩል ብቅ አለ፤ ብስክሌቱን እየገፋ ነው። ከኋላው አንዲት ነጭ ፒክአፕ በእግረኛ ፍጥነት ትከተለዋለች። ሁሉም አጨበጨበለት፤ እሱ አፈረ።

ጋሽ መሐዲ አላጨበጨቡም። ወደ ፒክአፑ ሄዱና ከኮት ኪሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው በመስኮቱ ለሹፌሩ ሰጡት። አንድ ስኒ ስኳር ነበር። ወጣቱ ሹፌር ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ በስዋሂሊ አሳንቴ ምዜ ብሎ አመስግኖ በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

ሽማግሌው ተመልሰው አጠገቤ ቆሙና ባዶውን መንገድ አንድ ጊዜ አዩት።

«አሁን ሁሉም ገብቷል» አሉኝ። «እንሂድ።»